ዴስክቶፔ የት ሄደ? ስለማይፈለግ ክላውድና ስለሚታመን ባካፕ

ይህ በቅርቡ በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ገልብጬ፣ የተደጋገመውን ቆርጬ፣ ምላሴ የተሳሰረበትን አስተካክዬዋለሁ። ከአድማጮች የመጡትን ጥያቄዎችም በየቦታቸው አስገብቻለሁ።

ሰላም ለሁላችሁ። በጥያቄ ልጀምር። ላፕቶፕ ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ። አሁን ደግሞ ዴስክቶፓችሁ ላይ የሚታየው ፋይል በትክክል የት እንደተቀመጠ የምታውቁ ብቻ እጃችሁን ሳታወርዱ ቆዩ። ሦስት እጅ ቀረ። ከሦስቱ አንዱ ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ደግሞ ይሄን ንግግር ትናንት ማታ አንብቦታል፣ ስለዚህ አይቆጠርም።

አትሳቀቁ። እኔም ከማያውቁት ወገን ነበርኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እህቴ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «ይሄ ነገር በየአስር ደቂቃው ቦታ ሞልቷል፣ ቦታ ግዢ እያለ አላሠራ አለኝ፤ አጥፋልኝ» አለችኝ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ የክላውድ፣ ማለትም ፋይልን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ፣ ፕሮግራም ነው። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ለነገሩ ጥፋቱ የእኔም ነው። እኔ ደግሞ የቤቱ ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ፣ ቴሌቪዥን ሲበላሽ ሳይቀር የምጠራው እኔ ነኝ። «ይሄማ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው» አልኳት። አካውንቱን አላቀቅኩ። ፕሮግራሙን አንኢንስቶል አደረግኩ። ሬስታርት።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴስክቶፑ ላይ የቀሩት ሁለት ሦስት የፕሮግራም አይከኖች ብቻ ነበሩ። ዶክመንትስን ከፈትኩ፣ ባዶ። ፒክቸርስን ከፈትኩ፣ ባዶ ማለት ይቻላል። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ነበር፤ ልታስረክብ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ልቤ ቀጥ አለ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ዝም አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋይሎቹ እንዳልጠፉ የገባኝ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውዱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ታዲያ ገብቶ ማውረድ ነው፣ አይደል? ፓስወርዱን ጠየቅኳት። አታውቀውም። አካውንቱን የከፈተላት ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ያዘጋጀላት ሰው ነው። የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ወደ እሱ ስልክ ነው። እሱ ደግሞ ቁጥሩን ከቀየረ ቆይቷል። ስድስት ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ ያ ሰው ጥግ ላይ የጣለው አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ አካውንቱ ሳይዘጋ ክፍት እንደሆነ ተገኘ፤ በዚያ በኩል ገብተን አወረድነው። በስድስቱ ቀን ውስጥ «አይዞህ» የምትለኝ እሷ ነበረች። እሷ እኔን!

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ አፍሼ ስድስት ቀን ለቀምኩ። እናንተ እንዳታፈሱ ነው ዛሬ የቆምኩት።

እስቲ ምን እንደተፈጠረ እንይ። በዊንዶውስ ላይ በብዛት የሚያጋጥማችሁ የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ ስለሆነ እሱን ምሳሌ ላድርግ። ድሮ ስካይድራይቭ ነበር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ስሙ የተቀየረው። ከዊንዶውስ ጋር ተጭኖ ይመጣል። ኮምፒውተሩን ስታዘጋጁ «ፎልደሮችህን ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እናድርግልህ» የሚል ነገር ያልፋል፤ ሰው ደግሞ ቶሎ ለመጨረስ ኔክስት፣ ኔክስት እያለ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ የሚባሉት ሦስት ፎልደሮች ከነበሩበት ተነስተው ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይገባሉ። ስማቸው ያው ነው። መልካቸው ያው ነው። አድራሻቸው ግን ተቀይሯል። ሰው ቤቱን ሳይለቅ የቤቱ ቁጥር እንደተቀየረበት ማለት ነው፤ ፖስታው መጥፋት እስኪጀምር ድረስ አያውቅም።

ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው። ቀድሞ 15 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 5 ወረደ። አሁን አስቡት፤ የሦስት ዓመት ፎቶ፣ ዴስክቶፕ ላይ የተከመረ ቪዲዮ፣ ሁሉም በራሱ ጊዜ ወደ 5 ጊጋባይት ጠርሙስ ይንቆረቆራል። በሳምንቱ ይሞላል። ከዚያ «ቦታ ግዛ» ይጀመራል። እኔ በበኩሌ ይሄን ነገር አልወደውም። አገልግሎቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሰውየው ሳይጠይቅ ፋይሉን አንቀሳቅሶ፣ ከዚያ የማስቀመጫ ኪራይ መጠየቅ ግን አይጥመኝም።

ሁለተኛው ነገር ይባስ ያደናግራል። ፋይሉ በስም ብቻ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። አይከኑ አለ፣ ስሙ አለ፣ መጠኑ ተጽፏል፤ ይዘቱ ግን ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ስትከፍቱት ነው የሚወርደው። ዲስኩ ትንሽ ከሆነ ኮምፒውተሩ ቦታ ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ ያልተከፈቱትን ፋይሎች እንዲህ ሊያደርጋቸው ይችላል። የእህቴ ላፕቶፕ ላይ የሆነው ይሄው ነው። አካውንቱን ሳላቅቀው በስም ብቻ የነበሩት ሁሉ ብን አሉ።

ይሄን በዓይን መለየት ይቻላል። ፋይሉ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተመልከቱ። የደመና ምልክት ከሆነ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው። ዙሪያው አረንጓዴ፣ መሀሉ ነጭ የሆነ ክብ ውስጥ የራይት ምልክት ካለ፣ ወርዷል፣ ግን ቦታ ሲጠብ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ክብ ላይ ነጭ ራይት ከሆነ ግን እዚሁ ዲስካችሁ ላይ ነው፣ ካልለቀቃችሁት አይሄድም። ይቺን ሦስት ምልክት ባውቅ ኖሮ ያን ሳምንት እንቅልፍ እተኛ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ ጠየቀ፤ «እኔ ቦታ ሞልቷል ሲለኝ በብራውዘር ገብቼ ክላውዱ ላይ ያለውን አጠፋሁት፣ ኮምፒውተሬ ላይ አለ ብዬ። ከዚያ ኮምፒውተሬም ላይ ጠፋ። ምንድነው?»

ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። በጣም ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ይሄ ነው። እዚያና እዚህ ያለው ሁለት ፋይል አይደለም። አንድ ፋይል ነው፣ በሁለት መስኮት የሚታይ። በአንዱ መስኮት ካጠፋኸው በሌላውም የለም። ደግነቱ የዋንድራይቭ የግል አካውንት ከሆነ ድረ ገጹ ላይ ባለው ሪሳይክል ቢን ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። (አሥራ ሁለት ቀኑ እንደሆነ ነገረኝ። «ሂድ፣ አሁኑኑ ውጣና አውጣው» አልኩት። ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ እየሳቀ ነበር።)

እሺ፣ አልፈልገውም ላለ ሰው በሥርዓት እንዴት ይነሳል? ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው ነገር። ፕሮግራሙን ማጥፋት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እኔ በመጨረሻው ነበር የጀመርኩት።

መጀመሪያ ዶክመንትስ የሚለው ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ፣ ሎኬሽን የሚለውን ተመልከቱ። በአድራሻው መሀል ዋንድራይቭ የሚል ቃል ካለ ፎልደራችሁ ተዛውሯል ማለት ነው። ዴስክቶፕንና ፒክቸርስንም እንደዚሁ እዩ። ቀጥሎ አካውንቱ የማን እንደሆነ አረጋግጡ። በብራውዘር፣ በሌላ ስልክም ቢሆን፣ ገብታችሁ ውጡ። ፓስወርዱን ካላወቃችሁ እዚያው ቁሙ፤ ምንም አትንኩ። ማገገሚያው ስልክና ኢሜይል የእናንተ ይሁን።

ከዚያ ዋንድራይቭ ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» በሉት። ሁሉም መውረድ ይጀምራል። ዲስካችሁ ላይ በቂ ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ፣ ዳታ እየገዛችሁ የምትጠቀሙ ከሆነም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱ። ሁሉም ሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቁ። ሌሊቱን ይፈጅ። ይፍጅ። አልቆ ስታዩት የፎልደሩን ሙሉ ቅጂ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ኮፒ ነው፣ ከት አይደለም። ሰው በድካም መሀል ከት ያደርግና መሀል ላይ መብራት ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ዋንድራይቭ ሴቲንግ ገብታችሁ «ማኔጅ ባካፕ» ከሚለው ውስጥ ሦስቱንም ፎልደሮች አስቁሙ። ይሄን ስታደርጉ ዴስክቶፑ ድንገት ባዶ ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ቀርተው ነው። ከዚያ አውጥታችሁ ወደ ትክክለኛው ቦታቸው ትመልሷቸዋላችሁ። አዲሶቹ ስሪቶች «ወደ ኮምፒውተሬ መልስ» የሚል ምርጫም ይሰጣሉ። ፋይሉ ቦታው መመለሱን ካያችሁ፣ አንድ ሁለቱንም ከፍታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው «አንሊንክ ዚስ ፒሲ» የሚባለው። ከዚያ አንኢንስቶል። እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ከሴቲንግ፣ አፕስ ውስጥ ይወጣል። ማጥፋቱ ከከበዳችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዳይነሳ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ ከሚለው ዲስኤብል ማድረግ ብቻውን ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ብዙ ሰው አያነሳውም። ፕሮግራሙን ማጥፋትና የማይክሮሶፍት አካውንቱን መዝጋት የተለያየ ነገር ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ ያ ባለ 48 አሃዝ ማገገሚያ ቁልፍ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እዚያው አካውንት ውስጥ ነው። ተናዳችሁ አካውንቱን ከዘጋችሁት፣ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ቁልፉን ሲጠይቃችሁ ሄዳችሁ የምታመጡበት ቦታ የለም። ስለዚህ ቁልፉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉት። አዎ፣ ወረቀት።

ሌሎቹም ዘመዳሞች ናቸው። ማክ ላይ አይክላውድ ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን ይወስዳል፤ ስታጠፉት ፋይሎቹ አይክላውድ ውስጥ ቀርተው ኮምፒውተሩ አዲስ ባዶ ዴስክቶፕ ይሰጣችኋል፤ ደንግጦ የማይጮህ ሰው የለም። ጉግል ድራይቭ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ ስትሪም ካላችሁት ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ሚረር ካላችሁት ሙሉ ቅጂው ዲስካችሁ ላይም አለ።

ስልክ ላይ ስንመጣ አንዲት እናት ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ እኔ ያለኝ የልጅ ልጆቼ ፎቶ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ለእኔም ነው?»

እማማ፣ በተለይ ለእርስዎ ነው። ጉግል ፎቶስ ውስጥ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ከነኩት ባካፕ የተደረጉት ፎቶዎች ከስልኩ ላይ ይጠፋሉ፤ ክላውዱ ላይ ያለው ብቻ ይቀራል። ያ በራሱ ችግር የለውም፣ የሚያደርጉትን እያወቁ ከሆነ። ችግሩ ከዚያ በኋላ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ፎቶውን ራሱን ዲሊት ካሉት ደግሞ ከሁለቱም ይጠፋል፤ ባካፕ የተደረገ ከነበረ ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በቃ። በነፃ ያለ ገደብ ፎቶ ማስቀመጥም በሰኔ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። አሁን 15 ጊጋባይቱ ለፎቶም፣ ለጂሜይልም፣ ለድራይቭም አንድ ላይ ነው። ፎቶ ሲሞላው ኢሜይልም መግባት ያቆማል። «ኢሜይሌ ተበላሸ» ብለው የሚደውሉልኝ ሰዎች ግማሾቹ ፎቶ የሞላባቸው ናቸው።

እስካሁን ስለ ማባረር ነው ያወራሁት። አሁን ወደ ከበደው እንሂድ። ያን ፕሮግራም ካባረርነው ፋይላችንን ማን ይጠብቀዋል?

እዚህ ላይ ቃል እንለይ። ሲንክ አንድ ነገር ነው፣ ባካፕ ሌላ ነገር ነው። ሲንክ መስታወት ነው። ፀጉርህን ብትቆርጥ መስታወት ውስጥ ያለውም ይቆረጣል። ፋይሉን ብታበላሸው እዚያም ይበላሻል። ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ገብቶ ፋይሎችህን ቢቆልፍ፣ የተቆለፈው ፋይል በትጋት ወደ ክላውድ ይላካል፣ በደቂቃዎች ውስጥ። ባካፕ ግን የትናንት ፎቶህ ነው። ዛሬ ምንም ብትሆን ትናንት ያለው እዚያው አለ። ዋንድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ፣ ጉግል ድራይቭ ሁሉም በተፈጥሯቸው መስታወት ናቸው። አንዳንዶቹ የድሮ ስሪት ለተወሰነ ቀን ያስቀምጣሉ፣ ያ ይረዳል፤ ግን ቀኑ አጭር ነው። ፋይልህ እንደጠፋ የምታውቀው ከስድስት ወር በኋላ ቢሆንስ?

ደግሞ «ትልቅ ኩባንያ ነው፣ አይጠፋም» የሚል አለ። ይጠፋል። ማይስፔስ የሚባለው የማኅበራዊ ትስስርና የሙዚቃ ድረ ገጽ ሰርቨር (ፋይሎቹ ያሉበትን ኮምፒውተር) ሲያዛውር የአሥራ ሁለት ዓመት የተጫነ ሙዚቃ እንደጠፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ታወቀ። በደቡብ ኮሪያ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ላይ እሳት ተነስቶ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ ድራይቭ የሚባል ክላውድ (የጉግሉ አይደለም) ተቃጠለ። 858 ቴራባይት። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም፤ የሰበቡ አንዱ «መጠኑ በጣም ትልቅ ነው» የሚል ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስለናል እንጂ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የቆመ ብረት ነው። እሳት ያገኘዋል።

በተቃራኒው ደግሞ በግንቦት 2024 የሆነውን ስሙ። ዩኒሱፐር የሚባል የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ነው፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። በጉግል ክላውድ በኩል በተፈጠረ የአሠራር ስህተት ሲስተማቸው በሙሉ ተሰረዘ። ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ነበር፣ ሁለቱም አብረው ሄዱ። አባላቱ ለሳምንት ያህል ሒሳባቸውን ማየት አልቻሉም። ግን ተመለሰ። ለምን? ሌላ ኩባንያ ዘንድ ሌላ ቅጂ አስቀምጠው ነበር። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል የሚለው ተረት ስለ ሰርቨር የተነገረ እስኪመስለኝ ድረስ ነው የሚገርመኝ።

ባለሙያዎች ይሄንኑ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይሉታል። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለተራ ሰው ሲተረጎም፣ ኮምፒውተርህ ላይ ያለው አንድ፣ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ያለው ሁለት፣ ክላውድ ላይ ወይም ዘመድ ቤት ያለው ሦስት። እንግዲህ አያችሁ፣ ክላውድን ጭራሽ አታውቁት አላልኩም። ሦስተኛው ይሁን ነው የምለው፣ ብቸኛው አይሁን።

ዲስኩን በተመለከተ ጥቂት ልበል። ፍላሽ ባካፕ አይደለም። ፍላሽ ፋይል ከዚህ ወደዚያ መውሰጃ ነው፤ ይጠፋል፣ ይረገጣል፣ ከሱሪ ኪስ ጋር ይታጠባል። ደግሞ የሐሰት ፍላሽ ሞልቷል። ላዩ ላይ 2 ቴራባይት ተጽፎበት ውስጡ 32 ጊጋባይት ነው። ክፋቱ ሲሞላ አይነግራችሁም። ፋይሉን የተቀበለ መስሎ አሮጌው ላይ ይደርብበታል፤ ስሙን ታያላችሁ፣ ስትከፍቱት የተበላሸ ነው። ዋጋው ለማመን የሚከብድ ከሆነ አትመኑት። መፈተሻ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኤፍ3 የሚባለው ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይፈትሻል። ማንኛውንም አዲስ ዲስክ ሳልፈትሽ አንድ ፋይል አላስቀምጥበትም።

ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ ፈጣን ነው፣ ቢወድቅም ቶሎ አይሰበርም፤ ግን ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተኛ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ተራው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ለባካፕ በቂ ነው፣ በጊጋባይት ሲታሰብም ርካሽ ነው። መውደቅ ግን አይወድም። የሚጮህ፣ ቂቅ ቂቅ የሚል ዲስክ ካላችሁ ዛሬውኑ ገልብጡት፤ ነገ አይነሳም።

የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ብዙ አታስጨንቁት። ማክ ያለው ታይም ማሽን አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ዲስክ መሰካት ብቻ ነው የሚጠብቀው። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሂስትሪ አለ፤ የፋይሉን የተለያዩ ስሪቶች በየሰዓቱ ያስቀምጣል። ፍሪፋይልሲንክን የሚወዱም አሉ፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ግን ሚረር የሚለው ምርጫው ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ መነሻና መድረሻ ካምታታችሁ ባዶውን ፎልደር በሞላው ላይ ይገለብጥላችኋል፣ ያውም ታዝዞ። ሥራውን ከማስጀመራችሁ በፊት የሚያሳያችሁን ዝርዝር አንብቡ። ሲጨርስ ዲስኩን ንቀሉት! ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ቫይረስም፣ የመብራት መዋዠቅም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይመታዋል።

«ለባካፕ የሚሆን ክላውድስ እንዴት ይመረጣል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ማስታወቂያውን ትታችሁ ደንቡን አንብቡ። ያጠፋሁትን ፋይል ስንት ቀን ታቆዩልኛላችሁ? ክፍያ ባቆም ምን ይሆናል? ሁሉንም በአንዴ ማውጣት እችላለሁ? ፋይሉ የሚቆለፍበት የምስጢር ቁልፍ በእናንተ እጅ ነው በእኔ? አንዳንዶቹ ኤክስተርናል ዲስካችሁን ለተወሰነ ጊዜ ካላገኙት «አጥፍቶታል» ብለው ቅጂውን ይሰርዙታል፤ ይሄን የሚነግራችሁ ደንቡ እንጂ ማስታወቂያው አይደለም። ከሁለት ዓመት በላይ ያልተገባበትን የግል አካውንት ጉግል ሊሰርዘው ይችላል፣ ደንቡን ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ነው ሥራ ላይ ያዋለው። የግል ነገር የምታስቀምጡ ከሆነ ክሪፕቶሜተርን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ ቆልፎ ነው የሚልከው። የዚያን ፓስወርድ ከረሳችሁ ግን ማንም አይደርስላችሁም።

ሌላው ፍጥነት ነው። ሰው ስለ ማውረድ ፍጥነት ያወራል፣ ወደ ኢንተርኔት ስለ መጫን አያወራም። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት የሚጭን መስመር ካላችሁ 100 ጊጋባይት ለመላክ 44 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያውም ሳይቋረጥ። ስለዚህ ሁሉንም አትላኩ። የፊልም ክምችታችሁ ቢጠፋ እንደገና ይገኛል። የልጃችሁ የመጀመሪያ እርምጃ ቪዲዮ አይገኝም። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውል፣ የራሳችሁ ጽሑፍ፣ የተመረጠ ፎቶ፤ ተሰብስቦ ብዙ ጊዜ ነፃው ቦታ ውስጥ የሚገባ ነው።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚዘለው ነገር። ባካፕ አድርጌአለሁ ያላችሁ፣ መልሳችሁ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? ጊትላብ የሶፍትዌር ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ትልቅ ድርጅት ነው። በጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ የደከመው ባለሙያቸው ሌሊት ላይ የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሆኖ ዳታቤዙን አጠፋ። አምስት ዓይነት የባካፕ ዘዴ ነበራቸው። አምስቱም በሚገባ አይሠሩም ነበር፤ አንዱ ለምሳሌ በስሪት አለመጣጣም ምክንያት ምንም ሳያስቀምጥ ነው የከረመው፣ ማስጠንቀቂያ ኢሜይሉም አልደረሳቸውም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ሰውየው በአጋጣሚ ለሌላ ሥራ ያነሳው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፋ። ለነገሩ እነዚህ ሰዎች ያከበርኳቸው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ለሕዝብ ስለጻፉት ነው።

እና እናንተ እንዲህ አድርጉ። ዲስካችሁን የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰኩ። አንድ ፋይል፣ ከመሀል፣ ሳትመርጡ ክፈቱ። አንድ ፎቶ፣ አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አጫውቱ። ክላውዱንም በሌላ ስልክ ግቡበት፤ ያን ጊዜ ነው ፓስወርዱን በትክክል እንደምታውቁት ወይም ብራውዘሩ ሲያስታውስላችሁ እንደኖረ የሚለየው።

አንድ አባት መጨረሻ ላይ ተነሱና «ይሄን ሁሉ አባርሬ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ ተመልሶ ቢመጣብኝስ?» አሉ። ሊመጣ ይችላል፣ አባቴ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ሙሉ ስክሪኑን የሚሸፍን «ማዘጋጀትህን ጨርስ» የሚል ገጽ ሲወጣ አይቸኩሉ፤ ከታች በትንሽ ፊደል «አሁን አይሁን» ወይም «ዝለል» የሚል አለ፣ እሱን ይጫኑ። ሴቲንግ ውስጥ፣ ኖቲፊኬሽን ከሚለው ሥር ግርጌ ላይ ይሄን ገጽ ጨርሶ የሚያስቀር ምልክት አለ፤ ያንሱት። በወር አንዴ ደግሞ ያን የዶክመንትስ ሎኬሽን እያዩ ይለፉ። አምስት ሴኮንድ ነው።

እህቴ ጽሑፏን በጊዜው አስረከበች፣ ተመረቀች። አሁን ሁለት ዲስክ አላት፣ አንዱ እኔ ቤት ነው ያለው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ አንድ ፋይል ከፍታ ታያለች። ባለፈው እሁድ ደወለችልኝና «ያንተን ሰክተሃል?» አለችኝ።

አልሰካሁም ነበር።